ወንዙ የቆመ ዕለት

ጅማ፣ ጊንጆ
መስከረም 29 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? የሰመራው ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያ አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስነሣሃል? ምሳህን ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይና በብስኩት ነው የምትውለው? አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። እማዬም አለች። ያለነው ጊንጆ፣ አጎታችን አብራር ቤት ነው። ሚስቱ የፊተኛውን ክፍል ለቅቃልናለች፤ ሰውም ከጠዋት እስከ ማታ አይለየንም።

ወሬውን በሬዲዮ ሰምተህ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብለህ ስትጽፍልኝ «ተርፈናል» ብዬ መለስኩልህ። ከዚያ ስትደውል አላነሣሁም። በማግስቱ እኔው ደወልኩና «ሃሎ» ስትል ዘጋሁብህ። ኔትወርክ አልነበረም ጥፋቱ። ድምፅህን ስሰማ ምላሴ ተሳሰረ። በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ፤ ጽሑፌ ካስቸገረህ ታገሠኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ፈሪ ሆኛለሁ። አንተ የምታውቃት፣ ጅብ ከበረት በዱላ የምታባርረው እህትህ አይደለሁም። ትናንት አጎታችንን ተከትዬ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ አንድ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲነሣ ከተደረደረ የእህል ጆንያ ላይ ወጥቼ ተገኘሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ነጋዴው መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ከየት እንደመጣን ሲነግሩት እጄን ይዞ አወረደኝና ውኃ አስመጣልኝ። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ጫማዬን አደርጋለሁ። ጊንጆ ሜዳ መሆኑን አውቃለሁ። ከላዬ ተራራ እንደሌለ አውቃለሁ። እግሬ ግን አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ የምታውቀውንም እደግምልሃለሁ፤ ካልደገምኩት የማታውቀውን መናገር አልችልም።

ለዓረፋ ከመጣህ ሁለት ክረምት አለፈ። ከላይኛው ቡናችን ውስጥ፣ ከረገፈው ቅጠል ሥር ስንጥቅ አገኘህ። ክንድህን እስከ ብብትህ አስገብተህ ወለሉን አጣኸው። ዛፎቹም ወደ ሸለቆው ጎንበስ ብለው እንደበቀሉ አሳየኸኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዎቹን በመስጊዱ ግቢ አስቀመጥካቸውና በቆርቆሮ ሳህን ከእርሻችን አፈር አመጣህ። ውኃ ስትጨምርበት ጠጣው። ደግመህ ስትጨምርበትም ጠጣው። በሦስተኛው ሳህኑን ነቅነቅ ስታደርገው ያ እንደ ዳቦ ቆሞ የነበረ አፈር በአንድ ጊዜ ቀለጠና በጣቶችህ መካከል ፈሰሰ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነበር የሚያየው።

«ይህ ቀይ መሬታችን ሰው ሳይኖር በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አለትና አመድ በስብሶ የሆነ ነው» አልካቸው። «ቡናችን የሚያምረው በእሱ ነው። ግን ውኃ እስኪጠግብ ይሸከምና ሲጠግብ ሁሉንም አንድ ላይ ይጥላል።» ስለዚያች የኮሎምቢያ የቡና አገር ከተማ ስለ አርሜሮም ነገርካቸው። እሳተ ገሞራው ከከተማዋ ሩቅ እንደነበር፣ ሲፈነዳ አናቱ ላይ ያለውን በረዶ እንዳቀለጠ፣ ውኃው አመዱንና ድንጋዩን እየላሰ በወንዙ መንገድ እንደወረደ፣ እየወረደም እየወፈረ እንደ ተቦካ ሲሚንቶ እንደሆነ። ሰዎቹ በየቤታችሁ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ እንደተባሉና ከሃያ ሺህ በላይ ነፍስ እንደጠፋ። «የኛ ተራራ እሳት የለውም፤ ጭቃው ግን ያው ነው» አልክ። «መጀመሪያ ወንዙን ይዘጋዋል። ዲማ ወንዝ በዝናብ መካከል ውኃው ቢጠፋ ከላይ ተገድቦ ነው ማለት ነው። ያኔ ወደ ታች እንዳትሮጡ፤ ማንም አይቀድመውም። ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ውጡ። ካለፈም በኋላ አትውረዱ፤ ሁለተኛው ይከተላል።»

አባዬ የተነሣው ያኔ ነው። «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት አፈር እንዲፈራ አልነበረም» አለ። ሰው ሳቀ። አንተ ፊትህ ደም ለበሰ። «እንግዲያው ከነቡናችሁ ጭቃችሁ ውስጥ ቅሩ!» ብለህ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ወጣህ። እማዬ እስከ መኪናው መንገድ ተከትላህ በባዶ እጇ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስትደውል አባዬ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር፤ አንተም «እሱስ?» ብለህ ጠይቀህ አታውቅም።

ያን የተናገርከውን ቃል አሁን እንዳታነሣው። ይህን ወረቀት የምጽፈው ከሁሉ በላይ ስለዚያ ቃል ነው። አባዬ አልያዘብህም።

አንተ በሄድክ በወሩ ጎፋ ላይ ተራራ ተንዶ ያ ሁሉ ሕዝብ አለቀ። ወሬውን ከሬዲዮ የሰማነው አብረን ነው። ሽታዬን ታስታውሳታለህ፣ ቡና ልትለቅም ከዚያ በኩል መጥታ ታችኛው ሰፈር የቀረችዋን፣ ጴንጤዋን? ከዘመዶቿ አራቱ እዚያ ነበሩ። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ እያለቀሰች ለአባዬ ነገረችው፤ ሁለቱ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም፤ ጎረቤት ሊያወጡ አፈር ሲቆፍሩ ሌላ መጥቶ ነው የቀበራቸው። አባዬ ቤት ሲገባ ሬዲዮውን ዘጋና ሶላት እስኪደርስ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አርብ ከጁምዓ በኋላ ከሰው ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የቡና ሌባ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ አርብ ተከተልኩት። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ተክሎ፣ በመካከላቸው ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ ወጥሮ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲለካ አገኘሁት። ሲያየኝ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠ። «ከዓረፋ ወዲህ በስንዝር ሰፍቷል» አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግረውም፣ ደስ ይለዋል ብለው፣ «ሰው ፊት አዋርጄው በጓሮ ይቅርታ ልበለው? ሲመጣ ሰው ፊት እለዋለሁ» አለና ለአንተ እንዳልነግርህ በአላህ ስም አስማለኝ።

ማልኩለት። ጥፋቴ ይህ ነው፣ ወንድሜ። አንድ ዓመት ሙሉ «ቤት ሁሉ ሰላም ነው?» ስትለኝ «ሰላም ነው» እያልኩህ አፌ ላይ የደረሰውን መለስኩት። ብነግርህ ኖሮ ትመጣ ነበር። ብትመጣ ደግሞ እሱ ሰው ፊት የሚለውን ይልህ ነበር። ተቆጣኝ፤ መብትህ ነው።

መንገዱንም አላየኸውም። ከታችኛው ሰፈር ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ሸንተረር የሚያወጣ መንገድ፣ አምና በጋውን ብቻውን በዶማ ቆፈረው። ደረጃ ደረጃ አድርጎ እንጨት አስደገፈው። ለምንድነው ሲሉት «ቡና መሸከሚያ ነው» ይል ነበር። ቡናው የሚወርደው ወደ ታች ወደ ማጠቢያው ጣቢያ፣ መንገዱ የሚሄደው ወደ ላይ ወደ ትምህርት ቤት። ሰው አሁንም ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን በእሱ ላይ ነበር። ቻለው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልግባ። ቢስሚላህ።

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቧል። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሁለተኛ ክፍልን ሳስተምር ሽታዬ በሩ ላይ መጣች። ነጠላዋ እንደበሰበሰ ነው፤ የያዘችው ጄሪካን ባዶ ነው። «እትዬ፣ ወንዙ የለም» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት «ድንጋዩ ብቻ ነው ያለው። ይሄ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ ውኃው የለም» አለችና መቀመጫ ሳትፈልግ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች።  እኔ ጥቁር ሰሌዳውን ይዤ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። አንተን የሳቁብህን ሳቅ አሰብኩና ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ቆምኩ።

አባዬ ከታች እያለከለከ የደረሰው እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው። ሲባጎው ተበጥሶ አግኝቶታል። በስድሳ ስምንት ዓመቱ ያን ሸንተረር እንዴት እንደሮጠው አላህ ይወቅ። ደወሉን ደውዪ አለኝ። ያ የመኪና ቸርኬ፣ ታውቀዋለህ። «ቤታችሁን ጥላችሁ ውጡ ብላቸው ቡናውን ሰብስበን፣ ላሟን ፈትተን ይሉኛል። ደወሉ ያለ ሰዓቱ ሲደወል ግን ልጄ ምን ሆነ ብለው ይሮጣሉ። እጅሽ ቢቆረጥ እንዳታቆሚ። አንድም ልጅ እንዳይወርድ» አለኝና ተመልሶ ወረደ። ድምፁን ከታች እሰማው ነበር፤ «ኦል በኣ! ላፍቲ ዴማ ጂርቲ! ወደ ላይ ውጡ፣ መሬቱ እየሄደ ነው!» እያለ በየደጁ በዱላው ይመታል።

እኔም ቸርኬውን ደበደብኩ። እናቶቹ በባዶ እግራቸው፣ አንዷ ሊጥ በእጇ እንዳለ፣ እየጮኹ በአባዬ መንገድ ወጡ። ወንዶቹም ሚስቶቻቸውን ተከትለው ወጡ። ሊጣሉኝ ነው የመጡት መጀመሪያ። «ልጆቻችንን ምን አደረግሻቸው?» ይሉኛል። መልስ የሰጠሁት እኔ አልነበርኩም።

ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ጥሬ አፈር፣ የተገነጠለ ሥር፣ ብርድ ያለው ሽታ። ቀጥሎ ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ተርገፈገፈ፤ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር ድምፁ። ከዚያ ዛፎቹን አየኋቸው። እንደቆሙ ነበር የሚሄዱት፣ ወንድሜ። ያ ትልቁ ዋንዛ ቅጠሉን ሳያራግፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወረደ። ቤት የሚያህል ድንጋይ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁ። ጭቃው ጎርፍ አይመስልም፤ ፊቱ ግድግዳ ነው፤ ወንዙ ሲታጠፍ እሱም ታጠፈ፤ የቡና ማጠቢያውን ጣቢያ አላፈረሰውም፤ ዋጠው። መስጊዱን ከነሚናራው እስከ ወገቡ ሞላው።   እኔ ለካ ደወሉን መምታት አላቆምኩም ነበር፤ ሽታዬ እጄን ይዛ ነው ያስቆመችኝ።

ተራራው ዝም ሲል ሰዎቹ ልባቸው ተመለሰ። ይህም አስፈሪ ነው፤ ሰው ወዲያው ስለ ላሙ ያስባል። ላይኛው ዳር ያሉት ቤቶች አልተነኩም ነበርና ወርደን ከብቶቻችንን እናውጣ አሉ። ከሁሉ በኋላ የወጣው አባዬ መንገዱ አፍ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆመ። ተገፈተረ፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ነው፣ ያ በመስጊዱ ግቢ ተቀምጦ የነበረ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልጄ ነግሮኛል» ያለው። «ሁለተኛው ይመጣል ብሎ ልጄ ነግሮኛል። እኔ ሳቅሁበት፤ እናንተም ከእኔ ጋር ሳቃችሁ። ልጄ ያወቀውን እኔ አላወቅሁም ነበር። ማንም አይወርድም።» እንዲህ ነው ያለው፤ ቃል አልጨመርኩም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሰው ፊት እለዋለሁ ያለውን አለልህ፤ አንተ ብቻ አልነበርክም።

ከዚያ አባዬ ሰው መቁጠር ጀመረ፤ በየቤቱ እየጠራ። ሁሉም አለ። የፈትያን ቤት ሲጠራ የሚመልስ ጠፋ።

ፈትያን ታውቃታለህ፤ ያቺ ጆሮዋ የማይሰማ፣ የኛን የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋ የነበረችው። ላይኛው ዳር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ደወል ለሷ ምንድነው? ሁላችንም በደወሉ ተማምነን እሷን ረሳናት። ከሸንተረሩ አጎንብሰን ስናይ ቤቷ ቆሟል፤ እሷም ከጓሮ ቆማ ሸለቆው የት ሄደ እንደሚል ሰው እጆቿን ዘርግታለች።

አባዬ ዱላውን ለአንዱ ጎረምሳ ሰጠና ወረደ። ጃኬቱን ይዤ ነበር። ወንድሜ፣ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። አሁን አንተ ነህ አትውረዱ ያልከው፣ አልኩት። «አትውረዱ አልኩ እንጂ አልወርድም አላልኩም» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ጃኬቱን አወለቀና ትቶልኝ ሄደ። ጃኬቱ እዚህ አለ፤ እማዬ ከአጠገቧ እንዲነሣ አትፈልግም።

ደረሰላት። በምልክት ሲያናግራት፣ እጇን ይዞ ሲጎትታት ከላይ እናይ ነበር። ደረጃው ሥር አድርሶ ከፊቱ አስቀደማት። ሁለት ጎረምሶች ሊቀበሏት ግማሽ መንገድ ወረዱ። እጆቿን ሲይዟቸው አይቻለሁ። አባዬ ከኋላዋ፣ አምስት ስድስት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ። ሽታው ያኔ እንደገና መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አጎታችን በአፉ ይንገርህ። እጄ ከዚህ አልፎ አልታዘዘኝም፤ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ፈትያ ከእኛ ጋር ጊንጆ ናት። ቀኑን ሙሉ እማዬ እግር ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ ብድግ ትልና በእጆቿ ታሳየናለች፤ እንዴት ጀርባዋን እንደገፋት፣ እንዴት ወደ ላይ እንደጠቆመላት። ከዚያ እጆቿን ትዘጋለች። ሽታዬ ስለ እኛ በቤተ ክርስቲያኗ እያስጸለየች እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው በዚያ መንገድ የወጣው፤ አንተ ባትናገር ኖሮ መንገዱ አይቆፈርም ነበር። ይህን በልብህ ጻፈው። ያን ሌላውን ቃል ፋቀው።

አሁን የሚያስፈራኝን የመጨረሻውን ልንገርህ። ስንጥቁ አላለቀም። የተራራው ግማሹ ብቻ ነው የወረደው፤ ግማሹ ከመንደሩ በላይ ተንጠልጥሏል። ቡናው ደግሞ መቅላት ጀምሯል። ሰዎቹ ከተጠለሉበት ትምህርት ቤት ሆነው ቀይ ቀዩን ያዩታል፤ ትናንት ሦስት ቤተሰብ ለቀማ ሊጀምሩ ተመለሱ ሲሉ ሰማሁ። ዝናቡ ገና አልወጣም። እኔ ብናገር «ደንግጣ ነው» ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ደንግጫለሁ። አንተን ግን ዛሬ ይሰሙሃል። ስለዚህ ሥራህን አስፈቅደህ ና። ለእማዬ ብለህም ና፤ እሷ እንደ ሃይማኖታችን ደንብ ከእንግዲህ ለጥቂት ወራት ከቤት አትወጣም፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ደብዳቤውን ሰመራ እንደገባ ማታውኑ በሰው እጅ የሚልክልህ አጎታችን አብራር ነው። ብቻውን አይመጣም። ከመስጊዳችን ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ተነሥተዋል፤ ያን ሁሉ አገር በአውቶቡስ አቋርጠው የሚመጡት ለአንተ ሲሉ ነው። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ በርህን ያንኳኳሉ። ክፈትላቸው። የመጡበትን አትጠይቃቸው፤ መጀመሪያ ውኃ ስጣቸው። ቁጭ በል ሲሉህ ቁጭ በል።

አላህ ሰብሩን ይስጥህ። ልብህን ያጽናልህ፣ እግርህን ከክፉ መንገድ ይመልስልህ፣ በሰላም ከእኛ ይቀላቅልህ። አሚን።

እማዬ ሰላም ብላሃለች።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ